ፈጣኑ ወርዋሪና የመራጮቹ ሚዛን

ሰውን ለሥራ መምረጥ ከሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው። ሠራተኛ ሲሳሳት ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ሥራ ላይ ይቀራል፤ መራጭ ሲሳሳት ግን ጥፋቱ በተመረጠውም፥ ባልተመረጠውም፥ ሥራው በሚሠራለትም ሕዝብ ላይ ይደርሳል። በመሥሪያ ቤት የተደረገ ያልተስተካከለ ምርጫ በመዝገብ ቤት ተሸፍኖ አያሌ ዓመት ሊቆይ ይችላል። በጨዋታ ሜዳ የተደረገው ግን በማግሥቱ በብዙ ሺሕ ተመልካች ፊት ይገለጣል። ስለዚህ የአመራረጥን ነገር ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ወደ ስፖርት ሜዳ ቢመለከት ብዙ ቁም ነገር ያገኛል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው በአገራችን ስላልተለመደው ስለ ክሪኬት፥ ይልቁንም ስለ ቡድኑ አመራረጥና ፈጣን ወርዋሪ ስለሚባለው ተጫዋች ሞያ ነው። «የማንጫወተውን ጨዋታ ማወቅ ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እንገምታለን። ይሁን እንጂ ክሪኬት ከሕንድና ከፓኪስታን እስከ አውስትራልያ፥ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ድረስ እጅግ ብዙ ሕዝብ በልቡ የሚከታተለው ጨዋታ ነው። ከዚህም በቀር የመደብና የቀለም ልዩነት፥ የሹም ትእዛዝና የሎሌ ታዛዥነት፥ የወጣትነት ጉልበትና የሽምግልና ብልሃት የተፈተኑበት ሜዳ ስለ ሆነ፥ ታሪኩ ለማናቸውም ኮሚቴ ትምህርት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጨዋታው ባጭሩ

ክሪኬት እያንዳንዳቸው 11 ተጫዋቾች ባሏቸው ሁለት ቡድኖች መካከል የሚደረግ ጨዋታ ነው። በሜዳው መካከል 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የተደለደለ መሬት ይገኛል፤ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት ችካሎች ተተክለዋል። ወርዋሪው ከአንደኛው ጫፍ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው በሌላው ጫፍ ቆሞ በጠፍጣፋ እንጨት ችካሎቹን እየጠበቀ ኳሱን ይመታል፥ ነጥብም ይሰበስባል። ኳሱ ችካሉን የመታው እንደ ሆነ፥ ወይም መቺው የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ የተያዘ እንደ ሆነ፥ ወይም ወደ ችካሉ ይሄድ የነበረውን ኳስ በእግሩ ያገደ እንደ ሆነ መቺው ይወጣል። ይህም ዊኬት ጣለ ይባላል። 10 ሰዎች ሲወጡ የቡድኑ ተራ ያበቃል።

ከአጨዋወቱ ዓይነቶች ሁሉ የተከበረው በአገሮች መካከል የሚደረገውና እስከ አምስት ቀን የሚፈጀው ቴስት የሚባለው ነው። በዚህ ግጥሚያ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ ይመታል። ብዙ ነጥብ ማግባት ብቻውን አያሸንፍም፤ የተቃራኒውን ወገን መቺዎች ሁለት ጊዜ ማስወጣት፥ ማለት 20 ዊኬት መጣል የሚችሉ ወርዋሪዎች ያስፈልጋሉ።

የመራጮች ጭንቀት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ቦታው 11 ብቻ ነው። ከዚህ ውስጥ አምስት ወይም ስድስቱ መቺዎች፥ አንዱ ከችካሉ ኋላ የሚቆም ያዥ፥ አራት ወይም አምስቱ ወርዋሪዎች ይሆናሉ። አንድ መቺ ቢጨመር አንድ ወርዋሪ ይጐድላል። በራሱ ላይ ተመቶ አእምሮው ከሚናወጥ ተጫዋች በቀር፥ የተጐዳ ወርዋሪን በሌላ ወርዋሪ መተካት በቴስት የተለመደ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ጡንቻው ቢሸመቀቅ የእርሱን ሸክም የቀሩት ጓደኞቹ አራት ቀን ሙሉ ይሸከሙለታል። በዚህም ላይ የአገሩ አየርና አፈር ይታሰባል። ደመናና እርጥብ ሣር የሚበዛበት የእንግሊዝ ሜዳ ለፈጣን ወርዋሪ ይመቻል፤ ደረቁና የተሰነጣጠቀው የሕንድ መሬት ግን ቀስ ብለው ኳሱን ለሚያሽከረክሩት ያደላል። ስለዚህ በአንዱ ከተማ የተመሰገነው ሰው በሌላው ከተማ ተቀምጦ ሊመለከት ይችላል።

የፈጣኑ ወርዋሪ ሞያ

የክሪኬት ኳስ ከቡሽና ከክር ተጠቅልሎ በቀይ ቆዳ የተለበጠ ሲሆን ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም ነው። በወገቡ ዙሪያ ከፍ ብሎ የወጣ ስፌት አለው። ፈጣኑ ወርዋሪ ከሩቅ ተንደርድሮ ይመጣና ዘሎ ክንዱን በራሱ ላይ አሽከርክሮ ይለቀዋል። እንደ ድንጋይ ወርዋሪ ክርኑን አጥፎ መዘርጋት አይፈቀድለትም፤ ሕጉ የሚታገሠው ክርኑ ከ15 ዲግሪ ያልበለጠ እስኪዘረጋ ድረስ ነው። አንድ ጥሩ ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት ከ135 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይወረውራል። የፓኪስታኑ ሾዓይብ አኽታር በ2003 በዓለም ዋንጫ ጊዜ የወረወረው ኳስ በሰዓት 161.3 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን በመሰለ ፍጥነት የመጣ ኳስ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅበትም። የጉግስ ጨዋታን ያየ ሰው የመቺውን ችግር ይረዳዋል፤ ዘንጉ ከተወረወረ በኋላ ጋሻ ማንሣት ለሚጀምር ፈረሰኛ ወዮለት።

ነገር ግን ፍጥነት የሞያው በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። አውስትራልያዊው ግሌን ማግራ ከፈጣኖቹ ሁሉ ፈጣን ተብሎ አያውቅም፤ ዳሩ ግን በ124 ቴስቶች 563 ዊኬት ጥሏል። ምሥጢሩ ኳሱን ቀኑን ሙሉ አንድ ስፍራ ላይ ማሳረፍ መቻሉ ነበር። ያ ስፍራ መቺው ወደ ፊት ልራመድ ወይስ ወደ ኋላ ልቅር ብሎ የሚያመነታበት፥ ኳሱን ልምታው ወይስ ልተወው ብሎ የሚጠራጠርበት ነው። በጽሕፈት ቤት ውስጥ በየቀኑ ሳይሰለች ትክክል የሚሠራ ጸሐፊ ጥቅሙ እንደሚታወቅ ሁሉ፥ እንዲህ ያለው ወርዋሪም ለአምበሉ ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለተኛው ሞያ ኳሱን በአየር ላይ ማጠፍ ነው። ተጫዋቾች የኳሱን አንድ ወገን ልብሳቸው ላይ እያሹ ሲያሳምሩት፥ ሌላው ወገን እንደ ሻከረ እንዲቀር ሲተዉት የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ኳሱ ስፌቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ሲወረወር በስፌቱ በኩል የሚያልፈው አየር ይታወክና ከኳሱ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ተጣብቆ ይቈያል፤ በለስላሳው በኩል ያለው ቀድሞ ይለያል። ከዚህ የተነሣ ኳሱ ስፌቱ ወደሚያመለክትበት ወገን ይታጠፋል። ኳሱ ካረጀና አንዱ ወገን እጅግ ከሻከረ በኋላ ግን፥ በቂ ፍጥነት ያለው ሰው ሲወረውረው በተቃራኒው ይታጠፋል። ይህንን የተገላቢጦሽ ጥበብ በ1970ዎቹ ዓመታት ያስፋፉት የፓኪስታን ወርዋሪዎች ናቸው። ሳርፍራዝ ናዋዝ ለኢምራን ኻን፥ ኢምራንም ለዋሲም አክራምና ለዋቃር ዩኑስ አስተላለፈው። በ1992 በሜልበርን በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዋሲም በተከታታይ በወረወራቸው ሁለት ኳሶች ሁለት የእንግሊዝ መቺዎችን ችካል ጥሎ የጨዋታውን መልክ ለወጠው። ኳሱን በምራቅ መወልወል በ2020 በበሽታው ወረርሽኝ ምክንያት ከተከለከለና በ2022 ክልከላው ከጸና ወዲህ ወርዋሪዎች በላባቸው ብቻ ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው ሞያ ኳሱን በስፌቱ ላይ አሳርፎ ከመሬት ሲነሣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲፈናጠር ማድረግ ነው። ይህ ሲሆን ወርዋሪው ራሱ እንኳ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል፤ እንግዲያስ መቺው ከየት ያውቃል? ከዚህም ሌላ በመቺው እግር ሥር የሚያርፈው ዮርከር፥ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ደረትና ወደ ራስ የሚዘለው ባውንሰር፥ በፈጣን ክንድ ተወርውሮ በዝግታ የሚመጣው አታላይ ኳስ አሉ።

ባውንሰር የዋዛ መሣሪያ አይደለም። በኖቬምበር 2014 በሲድኒ ሜዳ አውስትራልያዊው መቺ ፊሊፕ ሂዩዝ የራስ ቍር እንዳደረገ አንገቱን በኳስ ተመቶ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ የአንገት መከላከያ ተስፋፍቷል። በቴስት በስድስት ኳስ ውስጥ ከትከሻ በላይ የሚዘል ኳስ ከሁለት እንዳይበልጥም ሕጉ ቀድሞ ወስኖ ነበር። እንግዲህ ፈጣኑን ወርዋሪ የሚመርጥ ሰው የማስፈራት ኃይል ያለውን ወጣት እንደሚመርጥ ማወቅ አለበት፤ ልክና ጨዋነት የማያውቀውን ሰው በፍጥነቱ ብቻ መምረጥ አደጋ ነው።

በመጨረሻም ወርዋሪ ብቻውን አይሠራም። ከሁለቱ ጫፍ እየተቀባበሉ የሚወረውሩ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ነጥብ ከልክሎ ሲያስጨንቅ፥ የተጨነቀው መቺ ቸኩሎ በሌላው እጅ ይወድቃል። ዊኬቱ በሁለተኛው ስም ይመዘገባል እንጂ ግማሹ ሥራ የመጀመሪያው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። ቍጥር ብቻ የሚቈጥር መራጭ ይህንን አያይም።

ወጣቱና ሰውነቱ

ፈጣን ወርዋሪነት ለሰው አጥንት የተስማማ ሥራ አይመስልም። ሰውየው በሙሉ ኃይሉ ሮጦ የፊት እግሩን ሲተክል ከመሬት የሚመለሰው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ በዚያችው ቅጽበት ወገቡን ይጠመዝዛል። ይህንንም በአንድ ቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ሊደጋግመው ይችላል። ከዚህ የተነሣ የታችኛው አከርካሪ አጥንት ይሰነጠቃል። ችግሩ የሚከፋው አጥንታቸው ገና ባልጠና ወጣቶች ላይ ነው። ስለዚህም እንግሊዝና አውስትራልያ ልጆች በቀን የሚወረውሩትን ኳስ በዕድሜያቸው ወስነውታል።

የአውስትራልያው ፓት ከሚንስ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ2011 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ በጆሃንስበርግ የመጀመሪያውን ቴስት ተጫወተ። በሁለተኛው ተራ ስድስት ዊኬት ጣለ፥ የማሸነፊያውን ነጥብ ራሱ መታ፥ የግጥሚያው ኮከብ ተባለ። አገሩ ሁሉ ጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ግን ጉዳት በጉዳት ላይ እየተደራረበበት ሁለተኛውን ቴስት ለመጫወት እስከ 2017፥ ማለት ከአምስት ዓመት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ያባቶች ቃል እዚህ ላይ ይታወሳል። የሚያስመሰግነው ግን ሐኪሞቹና መራጮቹ ተስፋ አለመቍረጣቸው ነው። ልጁ አጥንቱ እስኪጠና ታገሡት፥ አወራወሩን አስተካከለ፥ ተመልሶም በ2021 የአገሩ ቴስት ቡድን አምበል ሆነ፤ በ2023 የቴስትን ሻምፒዮናና የዓለም ዋንጫን ሁለቱንም ለአገሩ አስገኘ። ያን ጊዜ «ተሰባሪ ነው» ተብሎ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይገኝም ነበር።

ይህንን የመሰለ ክርክር በቅርቡ በሕንድም ተነሥቶ ነበር። ጃስፕሪት ቡምራህ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በአውስትራልያ በአምስት ቴስቶች 32 ዊኬት ጣለ፤ ነገር ግን በመጨረሻው ግጥሚያ ጀርባው ታመመና በወሳኙ ተራ መወርወር አልቻለም። ከዚህም ቀደም በ2023 በጀርባው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ስለዚህ በዚያው በ2025 ዓመት ሕንድ ወደ እንግሊዝ ስትሄድ፥ ከአምስቱ ግጥሚያዎች ሦስቱን ብቻ እንዲጫወት መራጮቹ ወሰኑ። ብዙ ሰው «ምርጡን ሰው አስቀምጦ መዋጋት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጮኸ። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ሆነ፤ ሕንድ ያሸነፈችባቸው ሁለቱ ግጥሚያዎች ቡምራህ ያልነበረባቸው ነበሩ።

ከዚህ ተነሥቶ ቡምራህ አያስፈልግም ማለት ስሕተት ነው፤ ከተጫወተባቸው ሦስት ግጥሚያዎች በሁለቱ በአንድ ተራ አምስት አምስት ዊኬት ጥሏል። ትክክለኛው ትምህርት ሌላ ነው። መራጮቹ ምርጡን ሰው ለማሳረፍ የደፈሩት ሸክሙን የሚቀበል ሌላ ሰው ስለ ነበራቸው ነው። እርሱም የሃይደራባዱ የባጃጅ ሾፌር ልጅ ሞሐመድ ሲራጅ ነበር። ሲራጅ አምስቱንም ግጥሚያዎች ተጫውቶ ከ1,000 በላይ ኳስ ወረወረ። በመጨረሻው ግጥሚያ በአራተኛው ቀን አደገኛውን መቺ ሃሪ ብሩክን ኳሱን ይዞ ካስወጣው በኋላ እግሩ የሜዳውን ወሰን ስለ ነካ መያዙ ተሰረዘ፤ ብሩክም ከ100 በላይ ነጥብ ሰበሰበ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ይሰበር ነበር። ሲራጅ ግን በማግሥቱ ተመልሶ ከቀሩት አራት ዊኬቶች ሦስቱን ጣለ፤ ሕንድም በስድስት ነጥብ ብልጫ አሸነፈች። ከመራጮች መዝገብ ላይ የማይጻፈው ችሎታ ይህ ነው።

አሮጌውና አዲሱ

ወጣቱን መጠበቅ ከባድ ከሆነ፥ የሸመገለውን ማሰናበት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የእንግሊዙ ጄምስ አንደርሰን በቴስት 704 ዊኬት በመጣል ከፈጣን ወርዋሪዎች ሁሉ የላቀ ነው። በ2024 ዕድሜው 41 ዓመት ሲሆን፥ ለመጪው የአውስትራልያ ጉዞ ወጣቶችን ማዘጋጀት እንደሚፈልጉ አለቆቹ ነገሩት። እርሱ ገና እችላለሁ የሚል ነበር። በጁላይ በለንደን በሎርድስ ሜዳ የመጨረሻውን ግጥሚያ አደረገ። በዚያው ግጥሚያ የመጀመሪያውን ቴስት የተጫወተው ጋስ አትኪንሰን 12 ዊኬት ጣለ። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ሲገባ በአንድ ሜዳ ላይ በአንድ ጊዜ ታየ።

በዚህ ፍርድ የሚስማሙም የማይስማሙም አሉ። እኛን የሚያስመሰግነን ነገር ግን ነገሩ የተደረገበት አኳኋን ነው። ሰውየው ስሙን በጋዜጣ ላይ ሲያጣ አልሰማም፤ ፊት ለፊት ተነገረው፥ የመሰናበቻ ግጥሚያም ተሰጠው፥ ከዚያም ወጣቶቹን እንዲመክር ከቡድኑ ጋር ተቀመጠ።

የባልንጀራው የስቱዋርት ብሮድ ነገር ደግሞ መራጮች ፈጥነው እንዳይቈርጡ ያስተምራል። በ2020 እንግሊዝ ከዌስት ኢንዲስ ጋር ስትጫወት ፈጣኖቹን ወጣቶች ለማስገባት ሲሉ ብሮድን ከመጀመሪያው ግጥሚያ አስቀሩት። ብሮድ ማዘኑንና መቈጣቱን በቴሌቪዥን በግልጽ ተናገረ። እንግሊዝ ያንን ግጥሚያ ተሸነፈች። በቀሩት ሁለት ግጥሚያዎች ብሮድ ተመልሶ 16 ዊኬት ጣለ፤ 500ኛውን ዊኬትም በዚያው ጊዜ አገኘ። የተናገረውን በሥራው አጸናው። ቅሬታውን በአደባባይ የሚገልጽ ሠራተኛን እንደ አመፀኛ የሚቈጥሩ አለቆች ይህንን ቢያስቡት መልካም ነው።

ልማድን ስለ መለወጥ

አንዳንድ ጊዜ ምርጫው የሚበላሸው በሰው ማነስ ሳይሆን በልማድ ነው። አንድ ቡድን ፈጣኖችንና ዝግተኞችን ቀላቅሎ መያዝ አለበት የሚለው አሳብ በክሪኬት እንደ ሕግ ይቈጠር ነበር። በ1976 የዌስት ኢንዲስ አምበል ክላይቭ ሎይድ በትሪኒዳድ ሦስት ኳስ አሽከርካሪዎችን ይዞ ተጫወተ። ሕንድም ለማሸነፍ የሚያስፈልጋትን 403 ነጥብ፥ በዚያን ጊዜ የማይቻል ይመስል የነበረውን፥ አራት ሰዎች ብቻ ወጥተውባት አገኘችው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎም በአውስትራልያ የሊሊና የቶምሰን ፍጥነት ቡድኑን 5 ለ 1 አስሸንፎት ነበር።

ሎይድ ከሁለቱም ሽንፈት ተምሮ ልማዱን ተወው። በእጁ ያሉት ምርጦች ፈጣኖች ከሆኑ ለቍጥር ማሟያ ሲባል ዝግተኛ ለምን ይገባል ብሎ አራት ፈጣኖችን ማሰለፍ ጀመረ። አንዲ ሮበርትስ፥ ማይክል ሆልዲንግ፥ ጆኤል ጋርነር፥ ኮሊን ክሮፍት፥ በኋላም ማልኮልም ማርሻል እየተከታተሉ መጡ። ከ1980 እስከ 1995 ድረስ ዌስት ኢንዲስ በቴስት ተከታታይ ግጥሚያ በማንም አልተሸነፈችም። እነዚህም አራቱ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ አንዱ በርዝመቱ፥ አንዱ በአሯሯጡ ቅልጥፍና፥ አንዱ በብልሃቱ ይለይ ነበር። ሎይድ የመረጠው አራት ጊዜ አንዱን ሰው አልነበረም።

ሚዛኑ ሲዛባ

እስካሁን የተናገርነው በቅን ልብ ስለሚደረግ ምርጫ ነው። አሁን ደግሞ ሚዛኑ ሆን ተብሎ ሲዛባ የሚሆነውን እንመልከት።

ሃሮልድ ላርዉድ በ14 ዓመቱ ከመሬት በታች በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሥራ የጀመረ የኖቲንግሃም አውራጃ ልጅ ነበር። ከ1932 እስከ 1933 እንግሊዝ ወደ አውስትራልያ ስትሄድ አምበሉ ዳግላስ ጃርዲን ታላቁን መቺ ዶናልድ ብራድማንን ለመግታት ሲል ወርዋሪዎቹ ወደ መቺዎቹ ሰውነት እንዲወረውሩ አዘዘ። ላርዉድ ታዘዘ፤ 33 ዊኬትም ጣለ፤ እንግሊዝ 4 ለ 1 አሸነፈች። በሁለቱ አገሮች መካከል ግን ብርቱ ቅሬታ ሆነ። ጋቢ አለን የሚባለው ሌላው ፈጣን ወርዋሪ ያንን አወራወር አልቀበልም ብሎ እምቢ ቢል ምንም አልደረሰበትም፤ እርሱ በታላቅ ትምህርት ቤት የተማረ፥ ለደመወዝ የማይጫወት ሰው ነበርና። ላርዉድ ግን የዕለት እንጀራው በአምበሉ ቃል ላይ ነበር።

ወደ አገሩ ሲመለስ ይቅርታ ጠይቅ ተባለ። «የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት» ብሎ እንቢ አለ። በ28 ዓመቱ ለአገሩ መጫወቱ ለዘለዓለም ቀረ። ያዘዘው ጃርዲን ግን ከዚያም በኋላ የእንግሊዝ አምበል ሆኖ ቈየ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይህ ነው። የታሪኩ አስገራሚ መጨረሻ፥ ላርዉድ በ1950 ቤተ ሰቡን ይዞ መኖሪያውን ያደረገው በዚያው በአውስትራልያ መሆኑና ሕዝቡም በፍቅር መቀበሉ ነው።

በ1968 የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ባዚል ዶሊቬራ በኬፕታውን ተወልዶ በቆዳው ቀለም ምክንያት ለአገሩ መጫወት ስለ ተከለከለ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ተጫዋች ነበር። በዚያ ዓመት በኦገስት በአውስትራልያ ላይ 158 ነጥብ አገባ። ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ቡድን ስም ሲነገር ግን እርሱ አልነበረበትም። ሕዝቡ ተቈጣ። ቶም ካርትራይት የሚባለው ወርዋሪ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ዶሊቬራ ተተካ። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር ያንን ቡድን አልቀበልም ስላለ ጉዞው ተሰረዘ። ከ1970 በኋላም ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ክሪኬት ተለይታ ከ20 ዓመት በላይ ቈየች።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ሲጀመር ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቍር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጥታ ነበር። ኮንፌዴራሲዮኑን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን፥ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ በስፖርት ውስጥ ያለውን የዘር መድልዎ ሲቃወሙ ኖረዋል።

የአፓርታይድ በር በተከፈተ ጊዜ ከኬፕ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ምዲንጊ ከሚባል መንደር ከብት ጠባቂ የነበረ ልጅ መጣ። ማካያ ንቲኒ ይባላል። በ1998 ለደቡብ አፍሪካ ቴስት የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቍር አፍሪካዊ ሆነ። በ101 ቴስቶች 390 ዊኬት ጣለ። ይሁን እንጂ በ2020 ንቲኒ በይፋ እንደ ተናገረው፥ በዚያ ሁሉ ዘመን በቡድኑ ውስጥ ብቸኛ ነበር፤ አብረውት ለመብላት የሚጠሩት አልነበሩም፤ ብቸኝነቱን ለመሸሽ ሲል ጓዙን ለአውቶቡሱ ሾፌር እየሰጠ እርሱ ወደ ሜዳው በሩጫ ይሄድ ነበር። ተመልካቹ የሰውነት ማጠንከሪያ መስሎት ያደነቀው ሩጫ የልብ ቍስል ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ ሰውን መርጦ በር ማስገባት የምርጫው ግማሽ ብቻ መሆኑን ነው።

በ2016 የደቡብ አፍሪካ ክሪኬት ማኅበር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ11 ተሰላፊዎች በአማካይ ስድስቱ ነጭ ያልሆኑ፥ ከእነርሱም ቢያንስ ሁለቱ ጥቍር አፍሪካውያን እንዲሆኑ ወሰነ። «ችሎታ በቍጥር ሊተካ ነው» የሚሉ ተቃወሙ፤ «ችሎታውን ያላያችሁት በሩን ዘግታችሁ ስለ ነበር ነው» የሚሉ መለሱ። ክርክሩ በቃል ብቻ አላለቀም። በጁን 2025 በሎርድስ ሜዳ በተደረገው የቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካ አውስትራልያን አሸነፈች። አምበሉ ቴምባ ባቩማ እግሩ እያነከሰ 66 ነጥብ አገባ፤ ፈጣኑ ወርዋሪ ካጊሶ ራባዳ ዘጠኝ ዊኬት ጣለ። አንድ ድል ክርክርን ሁሉ ይዘጋል አንልም። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ከ1991 በፊት ተጫዋች ሆነው ቢሆን ኖሮ፥ ያንን ሜዳ በአገራቸው ልብስ ሊረግጡት እንደማይችሉ የሚክድ የለም።

ከዚህ ምን እንማራለን

ይህንን ጽሑፍ ከሚያነቡት ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ብዙዎቹ ዛሬ ተመራጮች ናቸው፤ ለትምህርት ዕድል፥ ለሥራ፥ ለሹመት በሌሎች ሚዛን ይመዘናሉ። ጥቂት ዓመት ሲያልፍ ግን እነርሱም በኮሚቴ ወንበር ተቀምጠው የሰው ስም በፊታቸው ይቀርብላቸዋል። ያን ጊዜ የፈጣኑን ወርዋሪ ነገር ቢያስቡ እንወዳለን።

መጀመሪያ፥ ዓይን የሚስበው ፍጥነት ማግራን አያስገኝም፤ በቃለ መጠይቅ ቀልጣፋ የሆነው ሁሉ በሥራው የጸና አይደለም። ሁለተኛ፥ ወጣቱን በመጀመሪያ ድሉ ተደስቶ ያለ ልክ ማሸከም ከሚንስን ለአምስት ዓመት ማጣት ነው። ሦስተኛ፥ የሚሰናበተውን ሰው ፊት ለፊት ተናግሮ በክብር መሸኘት ለቀሩትም ማበረታቻ ይሆናል። አራተኛ፥ ያዘዘው ሳይጠየቅ የታዘዘው ብቻ የሚቀጣበት ቤት፥ ሁለተኛ በእውነት የሚታዘዝ ሰው አያገኝም።

ከሁሉም በላይ ግን መራጭ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚመጡለትን ብቻ የሚመዝን መሆን የለበትም። ኢምራን ኻን ዋቃር ዩኑስን በቴሌቪዥን አይቶ ነው ያስጠራው፤ ንቲኒ የተገኘው ከብት በሚጠበቅበት መንደር ነው፤ ሲራጅ ያደገው በባጃጅ ሾፌር ቤት ነው። እነዚህን ሰዎች አንድ ሰው ሄዶ ባይፈልጋቸው ኖሮ ችሎታቸው ከእነርሱ ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር፤ መራጮቹም ያጡትን ሳያውቁ «ያለን ይህ ብቻ ነው» እያሉ በተኙ ነበር። በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ያልታየ ስንት ወርዋሪ አለ? ነገ ወንበሩን የሚረከቡት ወጣቶች ስም ዝርዝሩን ከመፈረማቸው በፊት ይህንን ጥያቄ እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።